አባት በልጁ ፊት፤ ስለ አንድ አስፈሪ የጃፓን ፊልም



ይህ ገጽ ስለ ቤት አስተዳደር፣ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ባልና ሚስት ስምምነት የሚነገርበት ሆኖ ሳለ፣ ዛሬ ሙታን ተነሥተው ሕያዋንን ሲያሳድዱ ስለሚያሳይ ፊልም ልንጽፍ መነሣታችን ለአንዳንድ አንባቢ እንግዳ ነገር ሳይሆንበት አይቀርም። የቤተ ሰብ ገጽ ከደምና ከጩኸት ጋራ ምን ጉዳይ አለው ብሎ የሚጠይቀን ቢኖር፣ ጥያቄው የተገባ መሆኑን እናምናለን። ነገር ግን የምንናገርለት ፊልም በመጀመሪያው የሚያስፈራ፣ በመካከሉ የሚያስቅ፣ በመጨረሻውም የአንድ አባትን፣ የአንዲት እናትንና የአንዲት ልጅን ነገር የሚገልጥ ስለ ሆነ፣ ከዚህ ገጽ የተሻለ ስፍራ አላገኘንለትም።

ፊልሙ የተሠራው በጃፓን አገር ነው። በጃፓንኛ የተሰጠው ስም ወደ ቋንቋችን ሲመለስ «ካሜራውን አታቁሙ» እንደ ማለት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየው በ2017 ዓ. ም. በኖቬምበር ወር ሲሆን፣ ርዝመቱ 96 ደቂቃ ነው። በዚህ ጽሕፈት የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ስለ እንዲህ ያለው ፊልም ጠባይ ጥቂት እንናገር። አስፈሪ ፊልም ከብዙ ዘመን ጀምሮ የድኻ አዘጋጆች መጠጊያ ሆኖ ኖሯል። የጦርነት ወይም የነገሥታት ታሪክ በሲኒማ ለማሳየት የሚያስብ ሰው ፈረስና ሠራዊት፣ የክብር ልብስና አዳራሽ፣ ስሙ የገነነ ተዋናይም ያስፈልገዋል። ለማስፈራራት ግን አንድ ባዶ ቤት፣ ጥቂት ጨለማና ቀይ ቀለም የተበጠበጠበት ውኃ ይበቃል፤ የቀረውን የተመልካቹ ልብ ራሱ ይሞላዋልና።

ለዚህ ምስክር የሚሆነን በ1968 ዓ. ም. ጆርጅ ሮሜሮ የተባለ አሜሪካዊ ከባልንጀሮቹ ጋራ በፒትስበርግ ከተማ አቅራቢያ የሠራው «የሕያዋን ሙታን ሌሊት» የተባለው ፊልም ነው። ወጪው 114 ሺህ ዶላር ያህል ነበረ፤ ይህም በሲኒማ ሠሪዎች ዘንድ እንደ ኢምንት የሚቈጠር ገንዘብ ነው። ዞምቢ የሚባለው ቃል ከዚያ አስቀድሞ ከሄይቲ ሕዝብ አፈ ታሪክ የመጣ ሲሆን፣ በዚያ አገር ትርጓሜው በአስማት ከሞት ተነሥቶ የሰው ባሪያ ሆኖ የሚኖር በድን ማለት ነበር። በመንጋ እየሄደ የሰው ሥጋ የሚበላውን በድን ለሲኒማ ያወረሰው ግን የሮሜሮ ፊልም ነው። አከፋፋዮቹ የፊልሙን ስም በለወጡ ጊዜ የባለቤትነቱን ማስታወቂያ ሳይጽፉበት ስለ ቀሩ፣ በዘመኑ በነበረው የአሜሪካ ሕግ መሠረት ማንም ሰው ሳይከፍል ሊያሳየው ቻለ። ሠሪዎቹ ስም ቢያገኙበትም፣ ሀብታቸው በሌላ ሰው እጅ ተበተነ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ዞምቢ የተሠሩት ፊልሞች ከመብዛታቸው የተነሣ፣ ተመልካቹ ገና ሳይጀመር መጨረሻውን የሚያውቀው ሆነ። ሺኒቺሮ ኡኤዳ የተባለው ወጣት የጃፓን አዘጋጅ ወደዚህ በብዙ እግር ወደ ተረገጠ መንገድ የገባው ከሮሜሮም እጅግ ያነሰ ገንዘብ ይዞ ነው። ወጪው ሁሉ 3 ሚሊዮን የን ነበረ፤ ይኸውም በጊዜው ምንዛሪ ወደ 27 ሺህ የአሜሪካ ዶላር ገደማ ነው። ሥራው የተጀመረው በቶክዮ ከተማ ባለው ኤንቡ ሴሚናር በተባለ የፊልምና የቴአትር ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ተዋንያኑ በአገራቸው ስማቸው ከቶ ያልታወቀ ሰዎች ነበሩ። ኡኤዳም አስቀድሞ የእያንዳንዳቸውን ጠባይ፣ አነጋገርና አካሄድ ከተመለከተ በኋላ፣ ልብስ ሰፊ ለባለቤቱ ልክ እንደሚሰፋ፣ ለእያንዳንዱ በልኩ የሚሆን ክፍል ጻፈለት። ፊልሙ የተነሣውም በስምንት ቀን ብቻ ነው።

አሁን ወደ ታሪኩ እንግባ። ፊልሙ ሲጀመር የምናየው ጥቂት የሲኒማ ሠራተኞች በአንድ በተተወ የውኃ ማጣሪያ ሕንጻ ውስጥ ስለ ዞምቢ የሚናገር ርካሽ ፊልም ሲሠሩ ነው። አዘጋጃቸው ቍጡ ነው። ዋናይቱ ተዋናይ ፍርሃትዋን የልብ አድርጋ አላሳየችም ብሎ ብዙ ጊዜ ካስደገማት በኋላ፣ በሰው ሁሉ ፊት ይጮኽባታል። ለጥቂት ጊዜ ዕረፍት በሆነ ሰዓት እውነተኛ ዞምቢዎች መጥተው ሠራተኞቹን አንድ በአንድ ይይዟቸው ጀመር። አዘጋጁ ግን በዚህ ከመደንገጥ ይልቅ ደስ ብሎት፣ የፈለግሁት እውነተኛ ፍርሃት ይህ ነው እያለ ሰዎቹን ወደ ሞት እየገፋ ካሜራው እንዳይቆም ያዝዛል። በመጨረሻም ልጃገረዲቱ ብቻዋን በሕይወት ተርፋ፣ በጣራው ላይ በደም በተሣለ ኮከብ መካከል ቆማ ወደ ላይ ስታይ ነገሩ ይፈጸማል።

ይህ ክፍል 37 ደቂቃ ይፈጃል፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ጊዜ እንኳ ሳይቈረጥ በአንድ ትንፋሽ የተነሣ ነው። እንዲህ ያለውን ሥራ የሚያውቁ ሰዎች ድካሙን ያደንቃሉ። የሆነ ሆኖ ተራው ተመልካች የሚያየው ጕድለቱን ነው። ሰዎቹ ወሬ ጠፍቷቸው እርስ በርሳቸው ሲተያዩ ረጅም ጊዜ ያልፋል። የድምፅ ሠራተኛው ያለ ምንም ምክንያት ወደ ውጪ ልውጣ እያለ ይጣደፋል። ካሜራው በምድር ላይ ወድቆ ማንም ሳያነሣው ይቈያል። ተዋንያንን የምታስውበው ሴት ስለ ራስ መከላከያ ጥበብ ማንም ያልጠየቃትን ትናገራለች፤ ኋላም እንደ እብድ ሆና ዞምቢውንም ጤነኛውንም በአንድነት ታሳድዳለች። ሞታ ከወደቀች በኋላም ያለ ጊዜዋ ብድግ ትላለች። መጥረቢያ ባስፈለገ ጊዜ መጥረቢያ በደጅ ተጋድሞ ይገኛል። ይህን ሁሉ ያየ ሰው «ምን ዓይነት የማይረባ ሥራ ነው?» ብሎ ከመቀመጫው ቢነሣ አይፈረድበትም።

ከዚህ በኋላ ያለውን ምሥጢር ከፊልሙ ራሱ መስማት የሚወድ አንባቢ ቢኖር፣ ጋዜጣውን እዚህ ላይ አጥፎ ፊልሙን ካየ በኋላ እንዲመለስልን በትሕትና እናስታውቃለን።

ሠላሳ ሰባቱ ደቂቃ ካለፈ በኋላ ታሪኩ አንድ ወር ወደ ኋላ ይመለሳል። ያ ቍጡ አዘጋጅ በእውነቱ ሂጉራሺ የሚባል ትሑትና ለሰው ሁሉ አንገቱን የሚደፋ የቤተ ሰብ አባት ሆኖ እናገኘዋለን። ሥራው ለቴሌቪዥን የሚሆኑ ጥቃቅን ትርኢቶችን መሥራት ነው። ሥራውን ለሰው የሚያቀርብበት ቃልም ፈጣን፣ ርካሽ፣ ጥራቱም መካከለኛ ነኝ የሚል ነው። አንባቢዎቻችን ይህን ቃል ልብ እንዲሉት እንለምናለን። አንድ ሰው በወጣትነቱ ምን ያህል ተስፋ ኖሮት፣ ዕለት ዕለት በኑሮ ግዴታ እየተሸረፈ እዚህ ደርሶ እንደ ሆነ የሚነግረን ይህ ቃል ነውና።

ሚስቱ ሃሩሚ ቀድሞ ተዋናይ ነበረች። ነገር ግን የተሰጣትን ሰው መስላ መጫወት በጀመረች ጊዜ ራስዋን ፈጽማ እየረሳች በባልንጀሮችዋ ላይ ጕዳት ስላደረሰች፣ ሥራዋን ትታ በቤት ተቀምጣለች። በቤት ውስጥ ሆና የራስ መከላከያ ጥበብን እየተማረች ቀንዋን ታሳልፋለች። ሴት ልጃቸው ማኦ እንደ አባትዋ አዘጋጅ ለመሆን የምትመኝ፣ በሥራ ላይ ግን ምሕረት የማታውቅ ወጣት ናት። አንዲት ሕፃን በጨዋታ ላይ ማልቀስ ባስፈለጋት ጊዜ፣ የዓይን ጠብታ ይቅርና እውነተኛ እንባ ታፍስስ ብላ ከልጂቱ እናት ጋራ እስክትጣላ ድረስ ትሟገታለች። እንዲህ ያለች ልጅ አባትዋን የምታይበት ዓይን ምን ዓይነት እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም። ቤታቸው ጸብ የበዛበት ቤት አይደለም። ነገር ግን ልጅ ለአባትዋ ሥራ ክብር የማትሰጥበት፣ አባትም ይህን እያወቀ ዝም የሚልበት ቤት ነው። ከጩኸት ይልቅ እንዲህ ያለው ዝምታ የሚያስጨንቅ መሆኑን የሚያውቁ ወላጆች ጥቂቶች አይደሉም።

አንድ ቀን የቴሌቪዥን ሰዎች ሂጉራሺን ጠርተው እንግዳ ነገር ያቀርቡለታል። ስለ ዞምቢ ብቻ የሚያሳይ አዲስ የቴሌቪዥን ጣቢያ ስለሚከፈት፣ ለመክፈቻው በዓል የሠላሳ ደቂቃ ትርኢት በዚያው በሚጫወቱበት ሰዓት ለሕዝብ እንዲተላለፍ፣ ደግሞም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ ካሜራ ሳይቈረጥ እንዲነሣ ይፈልጋሉ። የተጠየቀው ሁሉ ዕብደት ስለ መሰለው በመጀመሪያ ይስቃል። ኋላ ግን በትርኢቱ የሚጫወተው ወጣት ልጁ ማኦ የምታደንቀው ተዋናይ መሆኑን ባወቀ ጊዜ ሥራውን ይቀበላል። እንግዲህ ወደዚህ መከራ የገባው ገንዘብ ወይም ዝና ፈልጎ ሳይሆን፣ በልጁ ዓይን ፊት አንድ ቀን ሞገስ ለማግኘት ነው።

በልምምዱ ጊዜ የደረሰበትን ውርደት ፊልሙ በሳቅ እየለወሰ ያሳየናል። ወጣቱ ተዋናይ በየቃሉ ይከራከረዋል። ልጃገረዲቱ እኔ ፈቃደኛ ነኝ፣ አሠሪዎቼ ግን አይወዱም እያለች የማትወደውን ሁሉ ታስቀራለች። አንዱ መጠጥ ወዳድ ነው፤ ሌላው ሆዱ የማይችል ስለ ሆነ የሚጠጣው ውኃ እንኳ ተለይቶ እንዲቀርብለት ይፈልጋል። ሂጉራሺ ለሁሉም እሺ ይላል፤ ፈገግ ይላል፤ አንገቱን ይደፋል።

የትርኢቱ ቀን በደረሰ ጊዜ ግን አዘጋጁንና የምታስውበውን ሴት መስለው የሚጫወቱት ሁለቱ ተዋንያን በመንገድ ላይ በመኪና አደጋ ደርሶባቸው ይቀራሉ። የቀረው ሰዓት ጥቂት ስለ ነበረ፣ ሂጉራሺ የአዘጋጁን ክፍል ራሱ ያዘ። ሚስቱም ጽሑፉን በቤት ውስጥ ደጋግማ አንብባ በቃልዋ ታውቀው ነበርና የሴቲቱን ክፍል ወሰደች። እንግዲህ በመጀመሪያው ክፍል ያየነው ቍጣ ምን እንደ ነበረ አሁን ይገለጥልናል። ለካስ ያ ለሰው ሁሉ እሺ ሲል የኖረ አባት፣ የቍጡ ሰው ልብስ ለብሶ በካሜራ ፊት በቆመ ጊዜ፣ ለብዙ ቀን በሆዱ አምቆ የያዘውን እውነተኛ ቃል በዚያች ልጃገረድና በዚያ ወጣት ላይ ማፍሰሱ ነበረ!

ከዚህ ወዲያ በመጀመሪያው ክፍል የናቅነው ጕድለት ሁሉ አንድ በአንድ ምክንያቱ ይነገረናል። የድምፅ ሠራተኛው ልውጣ እያለ የተጣደፈው ሆዱ ተበጥብጦ ስለ ተቸገረ ነው። ሰካራሙ በራሱ መቆም ስላልቻለ፣ ባልንጀሮቹ ከካሜራው ዓይን ተሰውረው ከኋላ ደግፈው ያንቀሳቅሱታል። ካሜራው በምድር ላይ የቀረው የያዘው ሰው ወገቡ ተሰብሮበት ስለ ወደቀ ነው፤ ዘወትር አንድ ቀን ይፈቀድልኝ እያለች ስትለምን የነበረችው ረዳቱም በዚያች ደቂቃ አንሥታ ሥራውን ቀጠለች። ወይዘሮ ሃሩሚ እንደ ጥንቱ ራስዋን ረስታ ሰዉን ሁሉ ማሳደድ ስለ ጀመረች፣ የገዛ ባልንጀሮችዋ በግድ ይዘው አስተኙዋት። መጥረቢያውም በደጅ የተገኘው ከካሜራው ስር በሆዱ እየተሳበ የሄደ ሰው ስላስቀመጠው ነው። በመጀመሪያ ሲታይ አሰልቺ የነበረው ነገር፣ በሁለተኛው ጊዜ የሰው ልጅ ላብና ብልሃት ሆኖ ሲታይ፣ ሳቅና እንባ በአንድ ጊዜ ይመጣል።

ልጂቱ ማኦ በዚህ ሁሉ ጊዜ ትርኢቱ በሚታዘዝበት ክፍል ውስጥ ናት። የመጣችው ያን ወጣት ተዋናይ ለማየት ብቻ ነበረ። ነገሩ ሁሉ ሊበላሽ በደረሰ ጊዜ ግን የአባትዋን ጽሑፍ በእጅዋ ይዛ፣ ይህን አሳልፉ፣ ያን ጨምሩ እያለች መምራት ትጀምራለች። በመጨረሻው ሰዓት ካሜራውን ከጣራው በላይ አንሥቶ የደሙን ኮከብ ከሰማይ ለማሳየት የተዘጋጀው ክሬን ወድቆ ይሰበራል። አለቃው ይህን መጨረሻ ማስቀረት ይሻላል፤ ተመልካች እስከዚህ ድረስ ተጠንቅቆ አያይም የሚል አሳብ ያቀርባል። ሂጉራሺ ይህች መጨረሻ የሥራው ሁሉ ፍጻሜ ናት ብሎ ለአንድ ጊዜ ይከራከራል፤ ከዚያ በኋላ ግን እንደ ልማዱ እሺ ብሎ ይመለሳል።

በዚያች ደቂቃ ማኦ በአባትዋ ጽሑፍ ውስጥ የተለጠፈ አንድ ፎቶግራፍ ታያለች። በፎቶግራፉ ላይ ያለችው እርስዋ ራስዋ ናት፤ ትንሽ ልጅ ሳለች በአባትዋ ትከሻ ላይ ተቀምጣለች። ይህን ባየች ጊዜ ክሬኑ ቢሰበር የሰው ትከሻ እንዳለ አሰበች። ወዲያው ተዋናዩንም፣ ሠራተኛውንም፣ አለቃውንም ጠርታ በጕልበታቸው አስቆመቻቸው፤ በሰው ላይ ሰው፣ በዚያም ላይ ሌላ ሰው ተደራርቦ እንደ ግንብ ቆመ። ከላይ አባት ልጁን በትከሻው ተሸክሞ፣ ልጂቱም ካሜራውን ወደ ሰማይ አንሥታ፣ ሁሉም እየተንቀጠቀጡ የሰዓቱን ማለቅ ይጠብቃሉ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለው ያባቶች ቃል በዓይን የሚታይ ሥዕል ቢሠራለት፣ ከዚህ የበለጠ የሚሠራለት አይመስለንም። በሩቅ ተቀምጠው በቴሌቪዥን ሲያዩ የነበሩት የጣቢያው ሰዎች ግን ከዚህ ሁሉ መከራ አንዱን ስንኳ ሳያውቁ፣ ሁሉ ነገር በሰላም ተፈጸመ ብለው ይሄዳሉ።

ክቡራን አንባቢዎች፤ ይህ ፊልም ከሕዝብ ያገኘው አቀባበል ከታሪኩ የማያንስ አስደናቂ ነው። በመጀመሪያ የታየው በቶክዮ በአንድ ትንሽ ሲኒማ ቤት ለስድስት ቀን ነበረ። በ2018 ዓ. ም. በአፕሪል ወር በኢጣልያ በኡዲኔ ከተማ በሚደረገው የሩቅ ምሥራቅ ፊልሞች በዓል ላይ ተመልካቾች በሰጡት ድምፅ ሁለተኛ ወጣ። በዚያው ዓመት በጁን ወር በቶክዮ በሁለት ሲኒማ ቤቶች ብቻ መታየት ጀመረ። ያየው ሰው ላላየው ምሥጢሩን ሳይገልጥ ሂድና እይ እያለ ስለ መከረ፣ ፊልሙን የሚያሳዩት ሲኒማ ቤቶች ከ300 በላይ ሆኑ። ገቢውም ከ3 ቢሊዮን የን አለፈ፤ ይህም የወጣበትን ገንዘብ አንድ ሺህ ጊዜ እጥፍ መሆኑ ነው። ያዩትም ሰዎች ከ2 ሚሊዮን በለጡ።

ሀብትና ዝና ሲመጣ ክርክር አብሮ መምጣቱ የታወቀ ነው። የፊልሙ አሳብ ኡኤዳ አስቀድሞ ካየው አንድ የቴአትር ጨዋታ ጋራ የተያያዘ ስለ ነበረ፣ በ2018 ዓ. ም. የአሳቡ ባለቤት ማን ነው የሚል ጭቅጭቅ ተነሣ። በ2019 ዓ. ም. ግን ነገሩ በስምምነት አልቆ፣ ፊልም አዘጋጁና የቴአትሩ አዘጋጅ የመጀመሪያው አሳብ የጋራ ባለቤቶች ሆነው ተመዘገቡ። ውኃ የቀዳ ሰው ምንጩን መጥራቱ ክብሩን አይቀንስበትምና፣ ይህ ፍጻሜ ለሥራው ተገቢ ነበረ።

ከዚያም በኋላ ፈረንሳዊው አዘጋጅ ሚሼል አዛናቪሲዩስ ይህንኑ ታሪክ በፈረንሳይኛ አድርጎ በበለጠ ገንዘብና ስማቸው በታወቀ ተዋንያን ሠራው፤ በ2022 ዓ. ም. የካን ከተማ የፊልም በዓል የተከፈተው በዚሁ ሥራ ነው። በዚህም ሥራ የአዘጋጁን ሚስት ክፍል የተጫወተችው የአዛናቪሲዩስ ባለቤት ቤሬኒስ ቤዦ ስትሆን፣ የልጂቱን ክፍል የተጫወተችው የገዛ ልጁ ሲሞን ናት። ታሪኩ ከቤት የወጣ መሆኑን ፈረንሳዊው አዘጋጅ በሚገባ እንደ ተረዳው ከዚህ ይታወቃል። ኡኤዳም በ2020 ዓ. ም. የኮሮና በሽታ ሰውን ሁሉ በየቤቱ በዘጋበት ጊዜ፣ እነዚያኑ ተዋንያን በየቤታቸው እንዳሉ ሰብስቦ፣ አንዱ ካንዱ ሳይገናኝ ለዚሁ ታሪክ ተከታይ የሚሆን አጭር ፊልም ሠርቶ ያለ ዋጋ ለሕዝብ አሳየ። ካሜራው እንዳይቆም የሚለው ቃል በዚያ ክፉ ዘመን አዲስ ትርጓሜ አገኘ።

አሁን ለቤተ ሰብ ወደሚሆነው ቍም ነገር እንመለስ። ማኦ አባትዋን የምታውቀው በመጀመሪያው ሠላሳ ሰባት ደቂቃ ነበረ ማለት እንችላለን። ሲያጎነብስ አየችው፤ ርካሽ ሥራ ሲሠራ አየችው፤ ከዚህም በመነሣት ፈረደችበት። ከካሜራው በስተኋላ ያለውን፣ ይኸውም ደመወዙን፣ የቤቱን ኪራይ፣ የሚስቱን ሕመም፣ ልጁን ለማስደሰት ሲል ብቻ የተቀበለውን ሥራ አላየችም። በየቤታችንም የሚሆነው ይህ ነው። ልጅ አባቱን የሚያየው ደክሞት ከቢሮ ሲመለስ ነው፤ በቢሮ ያሳለፈውን ግን አያውቅም። ባል የቀረበለትን ገበታ ያያል፤ በጭስ ውስጥ የተደከመውን ድካም አያይም። አለቃ የተጻፈውን ደብዳቤ አይቶ ስሕተቱን በቀይ ያሰምርበታል፤ ጸሓፊው በዚያ ቀን ምን እንደ ደረሰበት አይጠይቅም።

ይሁን እንጂ ፊልሙ ለአባት ብቻ የሚያደላ አይደለም። ሂጉራሺ ለሁሉ እሺ ማለቱ ከትሕትና ብቻ የመጣ አልነበረም፤ ከፍርሃትም ነበረ። ልጁ የናቀችው ያለ ምክንያት አይደለም። ያን ምሽት በዓይንዋ ፊት የከበረው፣ ይቅርብኝ የማይለው አንድ ነገር እንዳለው ስላሳየ ነው። አባት በሺህ ጥቃቅን ነገር እሺ ቢል ጥበብ ነው፤ እሺ የማይልበት አንድ ነገር ከሌለው ግን ልጁ ምን እንደሚያፈቅር ልታውቅለት አትችልም። ማኦም በበኩልዋ የተማረችው አለ። እውነተኛ እንባ ካልሆነ አልቀበልም የምትለው ልጅ፣ ያለ ሌላ ሰው ትከሻ አንዲት መጨረሻ እንኳ ማቆም አልቻለችም። ጥብቅነትዋ ፍሬ ያፈራው ከሰው ጋራ በተባበረ ጊዜ ነው።

በመጨረሻም ስለ ሕፃናት አንድ ምክር ሳንሰጥ አናልፍም። የፊልሙ መጀመሪያ የተቈረጠ እጅና እግር፣ ብዙ ደምና ጩኸት ያለበት ስለ ሆነ፣ ለሕፃናት አይገባም። ቀለም መሆኑን ቢነግሩዋቸው እንኳ ሌሊት ሲመጣ ሕፃን ልጅ ምክንያት አይሰማም። ዕድሜያቸው ለከፍተኛ ትምህርት የደረሱ ልጆች ያሉት አባትና እናት ግን፣ ከልጆቻቸው ጋራ በአንድነት ተቀምጠው ቢያዩት መልካም ነው። በመጀመሪያው ክፍል ልጆቹ ሊሰለቹና ሊሥቁበት ይችላሉ፤ ይታገሡ ዘንድ እንጂ ምክንያቱን እንዳትነግሩዋቸው። ካለቀ በኋላ ስሞቹ መታየት ሲጀምሩም ከመቀመጫችሁ አትነሡ። ያን ጊዜ ያን ሠላሳ ሰባት ደቂቃ በእውነት ያነሣው ካሜራ ያዥ ከነባልንጀሮቹ ሲሮጥ፣ ላብ ሲያፈስና ሲተጋገዝ ይታያል። ከአስፈሪው ታሪክ በስተኋላ የአንድ ቤተ ሰብ ታሪክ፣ ከዚያም በስተኋላ የእውነተኛ ሰዎች ድካም ተሰውሮ እንደ ነበረ በዚያ ይታወቃል።

ፊልሙን ያየ ቤተ ሰብ በዚያው ምሽት በገበታ ዙሪያ አንድ ነገር እንዲያደርግ እንመክራለን። እያንዳንዱ ሰው በዚያ ቀን ከሌሎቹ ዓይን ተሰውሮ የደከመበትን አንድ ሥራ ይናገር፤ ሌሎቹም ዝም ብለው ይስሙት። ከአባት ይጀመር፤ እስከ ቤት ሠራተኛይቱም ድረስ ይድረስ። ገንዘብ አይጠይቅም፤ ጊዜውም ከሠላሳ ሰባት ደቂቃ አይበልጥም።